መልሱ ብቻ

ከዚራ፥ ከምድር ባቡሩ ግንብ ጀርባ፥
ሐሙስ ወደ ማታ፥ ሙቀቱ ሲረግብ፥
ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሦስት አግዳሚ ዘርግተን
ቃል ልንማር እንሰበሰባለን።
የኔታ ልሳኑ መነጽራቸውን በሲባጎ አስረው
በጭራቸው እጀታ መስመሩን ይከተላሉ፤
በድሉ ባጃጁን አቁሞ፥ ቁልፉን እየነካካ፥
አንዲት ነርስ፥ እኔ፥ ሁለት ጡረተኛ፤
ከነሱም አንዱ፥ ፍሬን ያዥ የነበሩት አቶ ዘርጋው፥
ገና በስመ አብ ሲባል እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

ንባቡ ደብዳቤ ነው፤ ሐዋርያው የጻፈው፥
ባሕር ማዶ ላለች ለአንዲት የወደብ ከተማ።
እኔ ከልጅነቴ፥ አትሮንስ ላይ ሳየው፥
በመጎናጸፊያ ታጅቦ፥ በዕጣን ተከቦ፥
ከላይ የወረደ እንጂ የተላከ አይመስለኝም ነበር።
የኔታ ግን ሳይተረጉሙ አስቀድመው ጠየቁ፦
"ማን ተሸከመው? ስንት ቀን ፈጀበት?
ጉባኤ ላይ ሲነበብ ማን ፊቱን አጠቆረ?
ማንስ፥ ነገሩ ሲነካው፥ አንገቱን ቀበረ?"

ዝም አልን። ከግንቡ ወዲያ አንድ ፉርጎ
በቁሙ ዝጎ፥ ነፋስ ያንቋቋዋል።

"ከተማዋ መርከብ ይገባባታል፤ ቋንቋዋ ቅይጥ ነው።
ማዕዱ የጋራ ነው ተብሎ ሲጠሩ
ባለጸጋው በጊዜ መጥቶ ይጠግባል፥
ባሪያው ከጌታው ሥራ እስኪለቀቅ ይመሻል፤
ሲደርስ ፍርፋሪ። ቁጣው የመጣው ከዚህ ነው።
ርሃቡን ያላየ ቁጣውን አይተረጉምም።"
በድሉ ሳቀና "የኔታ፥ ይቺማ ድሬ ናት!" አለ።
"አይደለችም!" አሉት። ጭራው አየር ቀዘፈ።
"አስቀድሞ የነሱ ይሁን። ገና እንግዳ ሆነህ፥
ሳትቀመጥ፥ በሰው ቤት ምነው ጓዳ ገባህ?
ለኛ የሚደርሰን በነሱ ደጅ አልፎ ነው።"

ከዚያ "አንድም" አሉ፤ ደግሞ "አንድም"፤
አንዱን በር ሲከፍቱ ሌላውን ሳይዘጉ፤
ሐዋርያው፥ የከተማው ሰዎች ለጠየቁት ነገር
መመለስ እስከሚጀምርበት ሐረግ ድረስ።
አቶ ዘርጋው፥ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፦
"ጥያቄውስ የታለ?"
የኔታ ገጹን ገለበጡ፥ መለሱ።
"ጠፍቷል" አሉ። "እኛ ጋ ያለው መልሱ ብቻ ነው።"

ያን ሌሊት የእናቴን የብስኩት ቆርቆሮ ከፈትኩ።
አባቴ ጂቡቲ፥ ቴሌግራፍ ቤት ሳለ፥ የላከላት አንድ ወረቀት፦
"ስለ ጠየቅሽኝ ነገር፥ ከቆረጥሽ አልከለክልሽም።
የልጅቷን ጫማ በሰኞው ባቡር እልካለሁ።"
ሁለት መስመር። ሰላምታ እንኳ የለው።
ዕድሜዬን ሙሉ በቃሌ ይዤው ኖሬ ነበር፤
እንደ ፍርድ አንብቤው፥ እንደ ተዘጋ በር።
ጫማውም አልመጣም። እሱም አልመጣም።

አንድም፥ ፍታኝ ብላው ይሆናል።
አንድም፥ ቤቱን ልሽጥ፤ ዕዳ ነበረባት።
አንድም፥ የማታ ትምህርት ልግባ ብላ ይሆናል፤
ከቆርቆሮው ሥር፥ ሀ ሁ የተጻፈበት፥
እርሳሱ ወረቀቱን የበሳው፥ ደብተር አገኘሁ።
ታዲያ የሱን ደብዳቤ ማን ያነብላት ነበር?
የሷንስ ጥያቄ ማን ጻፈላት? ምን ጨመረ፥ ምን አስቀረ?

በሚቀጥለው ሐሙስ ፖስታውን ይዤ ሄድኩ።
አቶ ዘርጋው ማኅተሙን ወደ ብርሃን አዙረው
ቀኑን በከንፈራቸው ቆጠሩ።
"በዚያ ሰኞ ተረኛው እኔ ነበርኩ። ጎርፍ ሐዲዱን ቆርጦት
አዲጋላ ቀረን፥ ዘጠኝ ቀን።
ጥቅሉን ሁሉ ውሃ ገባው። ያበጠ ካርቶን በአካፋ ጣልን።"
"ጫማ ነበረበት?"
"ልጄ፥ እኔ እኮ ፍሬን ነው የምይዘው።"

የኔታ በዚያ ቀን ትርጓሜ አልጨመሩም።

በድሉ ላድርስሽ ቢለኝ እምቢ ብዬ
ደቻቱን በእግሬ ወረድኩ። ደርቋል፤
ልጆች አሸዋው ላይ በጡብ ጎል ተክለው ይራገጣሉ።
ድንጋዩ ግን ሁሉም ወደ አንድ ወገን ተኝቷል፥
ውሃው ወደ ሄደበት።
ጎንበስ ብዬ አንዱን ገለበጥኩት፤
ከዚያ፥ እንደ ነበረ፥ መልሼ አስተኛሁት።